የኪላዌን ማማ ማን ዝም አሰኘው?

ማክሰኞ ጠዋት የኪላዌ ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ ስልኩ ሁሉ ደንቁሮ አገኘው። ከኮረብታ እስከ ኮረብታ አንድም ጥሪ የለም። ቲማቲም ነጋዴዋ የገበያውን ዋጋ የሚነግራት አጣች፤ ጎረምሳው ለሁለት ልጃገረዶች በአንድ ጣት «እንደምን አደርሽ» የሚልበት ዘዴ ጠፋበት፤ የአካባቢያችን ሹም ደግሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ግቢውን ሲዞር ያየ ሰው፣ ዝናብ የሚለምን መስሎት ዣንጥላ ይዞ ወጣ። ይህን የመጨረሻውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ኛምቡ እባላለሁ፤ የፖሊስ ጣቢያው ሾፌር ነኝ። እኔና ትምህርት አምስተኛ ክፍል ላይ ተስማምተን ተለያየን፤ እስካሁን ክፉ ቃል አልተለዋወጥንም። በታይታ ኮረብቶች «ኛምቡ እንዲህ አለ» ከተባለ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ለሦስት ያካፍላል፣ ከሦስቱ አንዱን ያምናል። ጭጋጋችን ሲወፍር ዶሮ ቆጥ አትፈልግም፣ ጭጋጉ ላይ ወጥታ ታድራለች ያልኩት እኔ ነኝ። የዛሬውን ግን አታካፍሉብኝ።

ኢንስፔክተር አፒዮን ይዤ ወደ ኔትወርክ ማማው ስወጣ ሦስት ሰዓት ሆኗል። አፒዮ ከሐይቁ አገር የመጣች ሉኦ ናት፤ እኛ ጋ ስምንት ወሯ ነው። ከባድ ሴት ናት፣ በአካልም በነገርም። ከኪሷ የተቆላ ኦቾሎኒ አይጠፋም፤ ነገር ሲገባት አንዷን ትፈለፍላለች፣ ካልገባት እፍኝ ሙሉ ትቅማለች።

«ይህ መስታወት መቼ ነው የሚቀየረው?» አለችኝ እንደ ሁልጊዜው። የመኪናችን የፊት መስታወት ከላይ እስከ ታች እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንጥቋል።

«ዝንጀሮዋ ካሳ ስትከፍል፣ አለቃ።»

«የቷ ዝንጀሮ?»

«ድንጋይ የወረወረችው።»

«ባለፈው ሰጎን ነበረች።»

«ሰጎኗ በዋስ ወጥታለች።»

አልሳቀችም። እኔ ግን ለሁለታችንም የሚበቃ ሳቅሁ።

ማማው ሥር ያለው የማሽን ቤት በሩ ተከፍቷል። ክንድ የሚያህሉት ኬብሎች በገጀራ ተቆራርጠው እንደ ታረደ ዘንዶ ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። ቁልፉ ተሰብሮ ደጃፉ ላይ ወድቋል። ጠባቂው ማጋንጋ ደግሞ ጎጆው ውስጥ እጅና እግሩ በቃጫ ገመድ ታስሮ ተገኝቷል። ወተት የምታዞር ሴት ናት አግኝታው ወደ ጣቢያ የሮጠችው።

ማጋንጋን የማያውቅ የለም። በወጣትነቱ ታች ሜዳው ላይ ቃጫ ሲቆርጥ የኖረ፣ ማማው ከተተከለ ጀምሮ አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቀው፣ ዝምተኛ፣ ረጅም ሰው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከአንዲት ልጁ ጋር ይኖራል።

አፒዮ ፊት ለፊቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ስንት ነበሩ?»

«ሁለት። ሦስትም ይሆናሉ። ፊታቸውን ሸፍነዋል።»

«ምን አሉዎት?»

«ምንም አላሉም።»

«እርስ በርሳቸውስ?»

«አልተነጋገሩም።»

«ሦስት ሌባ፣ አንድም ሳይሳደብ» አለች አፒዮ። «እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌባ ሳሳድድ እንዲህ ያለ ጨዋ አልገጠመኝም። ስንት ሰዓት ነበር?»

«አመሻሽ ላይ። ሰዓት አልያዝኩም።»

ከወገቡ ላይ የምትንጠለጠል፣ ባትሪ የምታበራ ተራ ስልክ አለችው። እሷን አየች አፒዮ፤ ከዚያ አፉን አየች። ሲናገር በፊት ጥርሶቹ መካከል ነጭ ክር የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። ቁርሱን ምን እንደበላ እንጃ ብዬ አለፍኩት።

«ልጅዎስ?»

«ምሻይ እቤት ናት፤ ተኝታለች። ታማለች።» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ካቆመች ሰባት ሳምንቷ። ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ስልክ ላይ አፍጥጣ ታድራለች፣ ታለቅሳለች፣ አትበላም። ብቀማት ጭራሽ ውኃም እምቢ አለች፤ መለስኩላት።» ከዚያ ቀና አለና፣ «አለቃ፣ ይህ ነገር ሳይጠገን ስንት ቀን ይቆያል?» አለ።

«ጠጋኞቹ ከሞምባሳ እስኪመጡ ሳምንት ይፈጃል አሉኝ።»

«ሳምንት» አለ ማጋንጋ። እንጨት ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ሸክሙን ሲያወርድ ያለውን ፊት አስቡት። ያንን ፊት ነበር ያየሁት።

አፒዮ ተነሥታ ማሽን ቤቱን ዞረችው። የተሰበረውን ቁልፍ አገላበጠችው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የኃይል መዝጊያ ነካ አደረገችው፣ ከዚያ አንዲት ኦቾሎኒ ፈለፈለች። አንዲት ብቻ።

«ገባዎት፣ አለቃ?»

«መንዳትህን ንዳ» አለችኝ።

*

መዳብ ተቆረጠ ሲባል ታይታ ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ስም ነው የሚጠራው፤ ካሪሳ ቆራሌው። ከባሕሩ ዳር የመጣ ጊሪያማ ነው፤ ድስት ምድጃ ላይ ጥላችሁ ዞር ካላችሁ ሾርባውን ትቶ ድስቱን ይወስዳል። ግቢው ስንደርስ የአሮጌ ብስክሌት ክምር ላይ ተቀምጦ ማንዳዚ የሚሉትን ጥብስ ሊጥ ሻይ ውስጥ ይነክራል።

ሥራውን ላቀላጥፍ ብዬ እኔው ቀደምኩ። «ካሪሳ፣ ትናንት ማታ የት ነበርክ? እንዳትዋሽ!»

ማንዳዚው አፉ ጋ ደርሶ ቆመ። «አንተ ነህ የምትጠይቀኝ?»

«እኔ ነኝ!»

«ኛምቡ፣ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚች ባለስንጥቅ መኪና ጭነህ እስር ቤት የከተትከኝ አንተ አይደለህም? የትምህርት ቤቱ የጣሪያ አሸንዳ ጠፋ ብላችሁ? ዛሬ ጠዋት አይደል የፈታችሁኝ?»

አፒዮ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ልፈትነው ብዬ ነው፣ አለቃ» አልኩ።

«ደግሞስ» አለ ካሪሳ፣ አሁን ጉልበት አግኝቶ፣ «መዳቡን ወሰዱት?»

«አልወሰዱትም።»

«የጄኔሬተሩን ናፍጣስ?»

«ሞልቷል።»

ካሪሳ ደረቱን ደቃ። «ያን ሁሉ መዳብ ቆርጦ ትቶ የሚሄድ! ይህ ሌባ አይደለም፣ እመቤቴ፤ የእኛን ሙያ አታሰድቡ። ማነው ጠባቂው? የዚያች ልጅ አባት፣ የ…» አለና አንገቱን ቀጥ አድርጎ እንደ አህያ አናፋ። ከጓዳ ሚስቱ በሳቅ ፈነዳች።

እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ጥሩ አድርጎ ነው ያናፋው።

አፒዮ ብቻ አልሳቀችም። መኪና ውስጥ ስንገባ «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ።

«ቀልድ ነው፣ አለቃ። የሰፈር ቀልድ።»

«በማን ላይ?»

«እንዲያው… በልጅቱ ላይ። ልጆች ያመጡት ነገር።»

ልጆች ያመጡት። እንዲህ ነው ያልኩት። እሷም እፍኝ ሙሉ ኦቾሎኒ ቃመች።

*

ፓስተር ምዋዲሜን የጠረጠርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ዓመት ከመድረክ ላይ «ይህ ማማ የሰይጣን ቀንድ ነው፤ አንድ ቀን ይሰበራል!» ብሎ ነበር። ቤቱ ስንደርስ በረንዳው ላይ እየተንጎራደደ አገኘነው።

«አገኛችሁት? ቀንዱን የሰበረውን?» አለን ገና ሳንወርድ።

«ደስ ያለዎት አይመስልም» አለች አፒዮ።

«ምን ደስ ይለኛል! ትናንት ማታ ትምህርት በቀጥታ እያስተላለፍኩ ነው የተቋረጠብኝ!»

«ስለ ምን ነበር ትምህርቱ?»

«ስለ ቀንዱ።»

«በምን ነበር የሚያስተላልፉት?»

ፓስተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «በ… በስልክ።»

«በዚያው በቀንዱ?» አልኩ እኔ።

«ዝም በል፣ ኛምቡ። ስድሳ አራት ሰው እየሰማኝ ነበር። ‹ወደ ገሃነም የሚወስደው መንገድ› ስል ድርግም አለ። ልክ አንድ ሰዓት ከሃያ። ምእመናኔ መንገዱን ሳያውቁ አደሩ።»

ሰዓቱን አገኘን፣ ተጠርጣሪ ደግሞ አጣን። ፓስተሩ ግን የተናደደ ሰው ነውና ዝም አላለም። «ያ ምስኪን ማጋንጋ» አለ። «ሦስት ጊዜ ስለ ልጁ ጸልይልኝ ብሎ መጥቷል። ከዚያ የአያቶቹን መንገድ ያዘ።»

«የምን መንገድ?» አለች አፒዮ።

ፓስተሩ እኔን አየኝ፤ ይህ ለእንግዳ ሰው እንዴት ይነገራል በሚል ዓይን። እኔ ነኝ የነገርኳት። እኛ ጋ ሰው ያለ ምክንያት ሲታመም፣ ከቅርቡ አንድ ሰው በልቡ ንዴት ይዞበታል ይባላል። ንዴቱ ሳይወጣ በሽታው አይወጣም። ስለዚህ ዘመድ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ውኃ ወይም የሸንኮራ ጠላ በአፉ ይይዛል፣ ወደ ውጭ እፍ ብሎ ይረጫል፣ «ተቀይሜሽ ከሆነ ይኸው ወጣ፤ ልቤ ንጹሕ ነው፣ ዳኚ» ይላል። ስንት ሰው ድኖበታል። ይህን ሳወራ አልቀለድኩም፤ በዚህ አንቀልድም።

«ማጋንጋ ሃያ ሁለት ሰው ሰበሰበ» አለ ፓስተሩ። «አጎቶቿን፣ አክስቶቿን፣ አንዴ በጥፊ የመታቻትን አስተማሪ ሳይቀር። ልጅቱ መካከል ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን በሻሽ ሸፍና፣ ሁሉም ተራ በተራ ረጨ። ምንም አልሆነላትም። ባሰባት እንጂ።»

«ዋሽተው ይሆን?» አለች አፒዮ።

«አይዋሽም በዚህ። ማንም አልተናደደባትም።»

አፒዮ ወደ መኪናው ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞረች። «ሃያ ሁለት ሰው ‹ተናደሃል ወይ› ተብሎ ተጠየቀ» አለች። «‹ስቀሃል ወይ› ብሎ የጠየቀ አለ?»

ፓስተሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔም ሞተሩን አስነሣሁ።

*

ማጋንጋን ከማማው አንሥተን ወደ ቤቱ ወሰድነው። አፒዮ ልጅቱን ላነጋግራት ብላ ነው። እሱ ግን መንገዱን ሙሉ «ትተኛ፣ ተዉአት ትተኛ፣ ስንት ቀኗ ሳትተኛ» ይላል።

በሩን ከፈተ። «ምሻይ!» አለ በቀስታ።

አልጋው ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ታጥፏል። የስልኩ ቻርጀር ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ስልኩ የለም። ጫማዋም የለም። ምድጃው ቀዝቅዟል።

ማጋንጋ አልጋውን በእጁ ዳሰሰው፣ ሰው ከብርድ ልብሱ ሥር የሚጠፋ ይመስል። «ውኃ ልትቀዳ…» አለ። ባልዲው በሩ ጥግ ተቀምጧል።

ጎረቤቲቱ ዶሮዎቿን እየበተነች መጣች። «ማን፣ ምሻይ? ጎሕ ሳይቀድ ነው የወጣችው። ስልኳን እንዲህ ወደ ላይ ይዛ። ‹ልጄ ወዴት ነው በዚህ ጭጋግ› ብላት አልመለሰችልኝም። እሷ ከሰው ጋር መነጋገር ከተወች ቆየች እኮ።»

ያኔ ጊዜው ሰባት ሰዓት አልፏል። ሰባት ከምናምን ሰዓት ሙሉ ልጅቱን ያያት የለም፤ ብትጠራም የሚሰማ ስልክ በአገሩ የለም።

አፒዮ ሽማግሌውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችውና አጠገቡ ተቀመጠች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ እህት ነበር የተናገረችው።

«የማሽን ቤቱ ቁልፍ የተሰበረው ከተከፈተ በኋላ ነው፤ የተመታበት ምልክት ከውስጥ በኩል ነው ያለው። ኬብሉን የቆረጠው ሰው መጀመሪያ ኃይሉን ዘግቷል፤ ሌባ የቱ መዝጊያ እንደሆነ አያውቅም። እጅዎን ያሰሩበትን ገመድ ያጠበቁት በጥርስዎ ነው፤ ቃጫው አሁንም ጥርስዎ ውስጥ አለ። ይህን ጠዋት ነው ያወቅኩት። ‹ለምን› የሚለውን ነው ያላወቅኩት። ይንገሩኝና ልጅቱን እንፈልግ።»

ማጋንጋ አልካደም። ዓይኑ ባዶው አልጋ ላይ ነው።

«እንድትተኛ» አለ። «አንድ ሳምንት ዝም ቢል ትተኛለች ብዬ። ስቀማት ሞት መሰላት፤ እኔ ቀማኋት። ማማው ቢሰበር ግን ማንም አልቀማትም። ስልኳ በእጇ ነው፣ ግን ከዚያ ውስጥ የሚመጣ ነገር የለም። ምን እንደሚመጣባት አላውቅም፣ አለቃ። ብጠይቃት አትነግረኝም። የሚመጣው በዚያ በእኔ ማማ በኩል እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው። አሥራ ሰባት ዓመት ሌባ ሳባርርለት የኖርኩት እሱ ነው።»

እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ ቀልድ ያልመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«ኛምቡ» አለች አፒዮ፣ «ኔትወርክ ፍለጋ የወጣች ልጅ በዚህ አገር ወዴት ትሄዳለች?»

«የዋካሊ አለት!» አልን እኔና ማጋንጋ አንድ ላይ።

ማማው ከመተከሉ በፊት ስልክ መደወል የፈለገ ሁሉ የሚወጣው ዋካሊ ላይ ነበር። ከአናቱ ሲቆሙ የታችኛው ከተማ ኔትወርክ ይይዛል። የዛሬ ልጆች ግን ወሬውን እንጂ መንገዱን አያውቁም። በምሥራቅ በኩል ያለው ይቀርባል፣ ግን የድንጋይ ሽበት ለብሶ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ በጭጋግ ቀን ፍየል እንኳ አይሞክረውም።

*

መኪናዋን እንዲያ ነድቻት አላውቅም። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ጎማዎቹ መሬት አልነኩም ብዬ እምል ነበር። የዚያን ቀን ግን መሬት እየነኩ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየቆጠሩ፣ ዘገዩብኝ።

ከአለቱ ሥር ወርደን ጮኽን። ጭጋጉ ድምፃችንን ዋጠው። እንደገና ጮኽን። ከምሥራቁ በኩል፣ የሁለት ሰው ቁመት ከሚያህል ገደል ሥር፣ ነጭ ጫማ ታየን።

ማጋንጋ እጁን ለአፒዮ ዘረጋ። መኪና ውስጥ ካቴና አድርጋበት ነበር፤ ሕግ ነው። ፈታችለት። ያ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው በዚያ ሽበት ላይ ሲወርድ እንደ እንሽላሊት ነበር። እኔ ገመድ ይዤ ከላይ ቀረሁ።

«አለች!» አለ ከታች። ቀጥሎ ደግሞ፣ «በርዷታል… እግሯ… አለች ግን! ምሻይ! አባትሽ ነኝ!»

በጀርባው አዝሎ፣ በወገቡ ገመዱን አስሮ፣ እኛ እየጎተትን ወጡ። የቅልጥሟ አጥንት ተሰብሯል። ከንፈሯ ጠቁሯል። ስልኩን ከእጇ ለማላቀቅ አፒዮ ጣቶቿን አንድ በአንድ መፍታት ነበረባት።

ወደ ከተማው ሆስፒታል ስንወርድ አባትየው ከኋላ፣ የልጁን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ፤ አፒዮ ከፊት፣ አጠገቤ። ሜዳው ጋ ስንቃረብ ኔትወርኩ ያዘና ስልኳ መንጫጫት ጀመረ። አፒዮ ከፍታ አነበበች። እኔ በጎን ዓይኔ አየኋት፤ ፊቷ ድንጋይ ሆነ።

በኋላ ነው የነገረችኝ። ሞምባሳ ውስጥ ምዋናይሻ የምትባል የምሻይ እኩያ ነበረች፤ በአካል ተያይተው አያውቁም። ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ ልጅቱ የሚመጣባትን ስድብ ስታነብ ባደረች ቁጥር፣ ይህች ልጅ ከዚያ ማዶ ቁጭ ብላ «አለሁ፣ አትዝጊው፣ አውሪኝ» ስትላት ታድራለች። ሰኞ ማታ ምሻይ እንዲህ ብላ ጽፋላት ነበር፦ «ወስኛለሁ። ዛሬ አባቴ ከሥራ ሲመጣ ሁሉንም እነግረዋለሁ። ከየት ልጀምር? አንድ ቃል ብቻ ስጪኝ።» የተጻፈው አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ ነው። ምዋናይሻ በሦስተኛው ደቂቃ መልሳለች፤ መልሱ ግን ኪላዌ ላይ የሚቀበለው ማማ አጥቶ አየር ላይ ቀረ። ልጅቱ ሌሊቱን ጠብቃ፣ ጠዋት ያችን አንድ ቃል ፍለጋ አለት ወጣች።

ይህን ለማጋንጋ አላነበበችለትም። እስከ ዛሬም አላነበበችለትም።

ከዚያ ጣቷ ሌላ ነገር ነካ፤ መኪናዋ ውስጥ አህያ አናፋ።

ልጅቱ ከተኛችበት ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። እግሯ ተሰብሮ ያላለቀሰች ልጅ ያኔ አለቀሰች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ማጋንጋ። «ምንድን ነው ያሰማሽው?»

አፒዮ ድምፁን ዘጋች፣ ምስሉን ግን አልዘጋችውም። አንዴ ስልኩን አየች። አንዴ ቀና ብላ የመኪናውን የፊት መስታወት፣ ያንን የዓሣ አጥንት የመሰለ ስንጥቅ አየች። እንደገና ስልኩን አየች። ስምንት ወር ሙሉ ከጀርባው የተቀመጠችበትን ስንጥቅ ስልኩ ውስጥ፣ በልጅቱ ፊት ላይ፣ ከላይ እስከ ታች ተዘርግቶ አገኘችው።

ኦቾሎኒ አልፈለፈለችም።

«ኛምቡ» አለችኝ በቀስታ። «መንገዱን እይ።»

መንገዱን አየሁ። ሌላ ምን አያለሁ።

*

ከሰባት ሳምንት በፊት የሹሙ ስብሰባ ላይ እንግዶች መጥተው ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ አንዲት ልጅ ተመርጣ መዝሙር ዘመረችላቸው። እኔ መኪና ውስጥ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ። ስልኬን አውጥቼ በመስታወቱ በኩል ቀረጽኳት። አፏን ሰፋ አድርጋ ትከፍታለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ድምፅዋን አወጣሁና የአህያ ድምፅ አገባሁበት። ልክክ አለ! ብቻዬን እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ለዘጠኝ ሾፌሮች ላክሁት። ሻዬን ጠጣሁ። ረሳሁት።

ዘጠኙ ለስንት እንደላኩ፣ የትምህርት ቤቷ ልጆች ስሟ ሲጠራ እንዴት እንደሚያናፉ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ከናይሮቢ ሳይቀር በስሟ ምን እንደሚጽፉባት፣ አንዷም ነገር እኔ ጋ አልደረሰችም። አይ፣ ደርሳለች ብል ይሻላል፤ ካሪሳ ሲያናፋ ስቄያለሁ። ሰፈሩም ሁሉ ስቋል። አባቷ ብቻ አልሰማም፤ ለዝምተኛ ሰው ማን ይነግረዋል፣ ያች ስልኩም ምስል አታሳይም። እሷም አልነገረችው። ብትነግረው ዘመድ ይሰበስባል፣ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም እየረጨ ይስቃል ብላ ፈራች። ሳትነግረውም ሰበሰበ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ማጋንጋ ራሱ እጁን ለካቴናው ዘረጋ።

«ትድናለች?» አለ።

«ሐኪሙ እግሯ ይገጥማል ብሏል» አለች አፒዮ።

«እግሯን አይደለም የጠየቅኩት።»

አፒዮ ካቴናውን ቀስ ብላ ቆለፈች። ለተረኛው ፖሊስ አስረክባው ወደ እኔ መጣች። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌያለሁ።

«አለቃ፣ በየትኛው አንቀጽ ነው የምትከሺኝ?» እርስዎ ማለቱም ጠፍቶብኝ ነበር።

«አንቀጽ አይጠፋልህም። ጣቢያ ገብተህ ቃልህን ትሰጣለህ፣ የመኪናውን ቁልፍ ታስረክባለህ። ግን አንቀጹ ለመንግሥት ነው። መጀመሪያ ግባና ለእሷ ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

«አንተ ታሪክ አጥተህ አታውቅም አይደል?» አለችኝ። በምፀት አልነበረም። ደክሟት ነው።

*

ሁለት ቀን ፈርቼ ቆይቼ የገባሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እግሯ በነጭ ጄሶ ታስሮ ተሰቅሏል። ፊቷን ያኔ ነው በደንብ ያየሁት፤ ልጅ ናት፣ በቃ፣ ልጅ።

ባርኔጣዬን ይዤ ቆሜ ነገርኳት። ከሻዩ ጀምሬ እስከ ዘጠኙ ሾፌሮች። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«አንተ ነህ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ምን አድርጌህ ነበር?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አንድ ውሸት ብቻ ያስፈልገኝ ነበር። «አባትሽ አንድ ቀን ሰላም ሳይለኝ አለፈና ቂም ያዝኩ» ብላት፣ ቂም ነውና አፍ ሙሉ ውኃ ይዤ እረጨው ነበር፤ እሷም ቢያንስ ምክንያት ታገኝ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸት ሳልጠራት ስትመጣልኝ ኖራ፣ የዚያን ቀን ብጠራት አልመጣችም።

«ምንም አላደረግሽኝም» አልኳት። «አላውቅሽም ነበር።»

«መዝሙሩን አልወደድከውም?»

«አልሰማሁትም። የመኪናው መስታወት ተዘግቶ ነበር። አፍሽን ብቻ ነው ያየሁት።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ጥሩ ነበር» አለች። «ያን ቀን ድምፄ ጥሩ ነበር።»